እግሬ የማለበትን ደጅ በጉልበቴ ገባሁ

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ብዬ ብዙ እሁድ እዚህ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ግን ልናገረው ተነሥቻለሁ፤ ታገሡኝ፣ ንግግሬ እንደ እርምጃዬ ዝግ ያለ ነው።

ቀኑን አትጠይቁኝ። አንበጣ ወደ ደቡብ ወረደ የተባለበት ዓመት ይሁን ወይ ከዚያ ወዲህ፣ በትክክል አላስታውሰውም። ልጄን ሶስናን ብጠይቃት፣ "አባዬ፣ ቀኑን ጌታ ያውቀዋል፤ አንተ ነገሩን ተናገር" አለችኝ። ክረምት እንደነበር ግን አውቃለሁ። ጫማዬ ላይ ጭቃ ነበረ። ስሙ ይባረክ!

እኔ ሸማኔ ነኝ። ከጋሞ ደጋ መጥቼ አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ሠፈር ስቀመጥ ገና ጢም አላወጣሁም ነበር። የሸማኔን አቀማመጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይረግጣል፣ እጁ ላይ ሆኖ መወርወሪያውን በድሩ መሀል ያመላልሳል። እኔም ዕድሜዬን እንደዚያ ጨረስኩት። ሥራውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ጋልቻ ነው። አባታችን ቶሎ ስለሞተ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። ዳዴ ያስባለኝ እንኳ እሱ ነው። እናታችን ስትነግረን፣ ጋልቻ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ "ና! ና!" ሲለኝ እኔ እየወደቅሁ እከተለው ነበር አሉ።

ይህን ወንድሜን ነው ሃያ ዓመት ከዚያም በላይ ያላየሁት። ሞቶ አይደለም። እኔ ምዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን አገር ቤት ስትሞት አልተነገረኝም። ሩቅ ላለ ሰው መርዶ ይላክለታል፤ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው ደጁን ያንኳኩለታል። የእኔን ደጅ ያንኳኳ የለም። ከተቀበረች ከሁለት ሳምንት በኋላ ሸማ ልሸጥ ገበያ ወጥቼ አንድ የአገር ሰው እጄን ያዘና "እግዚአብሔር ያጥናህ፣ ጥሩ እናት ነበረች" አለኝ። እሱም የማውቅ መስሎት ነው። ወገኖቼ፣ የእናቱን ሞት በገበያ መሀል የሰማ ሰው አለ እዚህ? ሸማውን እዚያው ጥዬው ሄድኩ።

አገሬ ደረስኩ። ጋልቻ በቀርከሃው አጥር በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። "ስማኝ" አለኝ። አልሰማሁትም። "እናቴን ደብቀህ ቀበርክብኝ! እግሬ ይህን ደጅ ዳግመኛ ቢረግጥ ይሰበር!" አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት አልኩት። እሱ እጁን ዘርግቶ "ቆይ፣ አንድ ቃል ልንገርህ" ሲል እኔ ቁልቁለቱን ጀምሬ ነበር።

በእኛ አገር መሐላ ቀልድ አይደለም። የተናገርከው ይይዝሃል። እኔም ያዘኝ።

ናፍቆቱን እንዴት ልንገራችሁ? የእኛ ሰው ሸማኔው ሁሉ ለመስቀል አገሩ ይገባል። በመስከረም አጋማሽ የሠፈሩ ሸማኔ በየቤቱ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ጋቢ ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሠፈሩ ጸጥ ይላል። የመወርወሪያ ድምፅ የሚሰማው ከአንድ ቤት ብቻ ነው፤ ከእኔ ቤት። ጋልቻ ሲሸምን በጥርሱ መሀል ቀስ ብሎ ያፏጭ ነበር። አንድ ቀን ሶስና፣ "አባዬ፣ ይሄ የምታፏጨው ምንድን ነው?" አለችኝ። ለካ እኔም እንደሱ አፏጫለሁ! ደነገጥኩ፤ አፌን ያዝኩ።

ፌርማታ ላይ ቆሜ የአገሬን ቋንቋ የሚናገር ሰው ከሰማሁ ታክሲዬን ትቼ እከተለዋለሁ። "ከየት ነህ? ጋልቻ የሚባል ሽማግሌ ታውቃለህ?" እለዋለሁ። "አውቃለሁ" ካለኝ፣ "አለ?" እላለሁ። "አለ" ይለኛል። ይኸው ነው፤ ሌላ አልጠይቅም፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ያቺ "አለ" የምትለዋ ቃል ለወራት ትበቃኝ ነበር።

ከዚያ የጋልቻ ልጅ ለሶስና ደወለች። "አባታችን ታሟል፤ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኝቷል። አጎቴን ይጠራዋል" አለች። ሶስና እኔን ሳትጠይቅ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣ መጣች። "አባዬ፣ ከነገ ወዲያ ትሄዳለህ" አለችኝ።

"እግሬ እንደማለ ታውቂያለሽ" አልኳት።

"የማልከው የአጎቴን ደጅ ነው። አርባ ምንጭ ሆስፒታል የአጎቴ ደጅ ነው እንዴ?"

እኔም አሰብኩ፤ ልክ ነች። ተራራው ላይ አልወጣም፣ ያንን በር አልረግጥም፤ ሆስፒታል ገብቼ ዓይኑን አይቼ እመለሳለሁ። እግዚአብሔርንም መሐላዬንም በአንድ ላይ ላታልል ነበር። አትሳቁ፣ ስንቶቻችን እንዲህ አድርገናል!

አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው። አጠገቤ አንዲት ሙሉ ሰውነት ያላት ሴት ተቀምጣለች። የሙዝ ነጋዴ ነች፤ አርባ ምንጭ ሙዝ ልታይ እየወረደች ነው። "አባባ፣ መስኮቱ ጋ ይግቡ። እኔ ደመናውን ጠግቤዋለሁ" አለችኝና ቀበቶዬን አሰረችልኝ።

"አይወድቅም?" አልኳት።

"ከኮልፌ ታክሲ ይሻላል አባባ። ቢያንስ 'ጠጋ ጠጋ በሉ' የሚል የለም።"

ወገኖቼ፣ የዚህችን ሴት ስም አሁን አልነግራችሁም። ስሜን እንዳትጠራ ብላኛለች። ወደ መጨረሻው እናየዋለን።

መውረድ ስንጀምር የአባያን ሐይቅ አየሁት፤ ውኃው ቀይ ነው፣ ልጅ ሆኜ ከተራራው ላይ ቁልቁል አየው እንደነበረው። ከዚያ ተራራዬን አየሁ። እኔ ከሱ በላይ ሆኜ ተራራዬን አየሁት! ቀርከሃው፣ እንሰቱ፣ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። የትኛው ነው የእኛ ቤት? እያልኩ በዓይኔ ስፈልግ፣ እንባዬ መስታወቱን እያደበዘዘብኝ በነጠላዬ እጠርገው ነበር።

በዚያ መሀል ከተራራው በኩል አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ወፍ መሰለኝ። ወፍ ግን ክንፉን ያርገበግባል፤ ይሄ አያርገበግብም። እያየሁት ተለቀ። ትንሽ አውሮፕላን ነው! መወርወሪያ ድሩን አቋርጦ እንደሚያልፍ እኛን ሊያቋርጠን ቀጥ ብሎ ይመጣል። በውስጡ የተቀመጠውን ሰው አየሁት። ሰማያዊ ቆብ አድርጓል። ቆቡን ካየሁ እንግዲህ ምን ያህል ቀርቦ እንደነበረ እናንተ ገምቱት።

ወዲያው አውሮፕላናችን አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ጎን ዘነበለ። ሰማይ የነበረው መሬት ሆነ፣ መሬቱ መስኮቴን ሞላው። ከላይ ሻንጣ ወረደ። አስተናጋጇ መተላለፊያው ላይ ወደቀች። አንዱ "እናቴ!" ይላል፣ አንዱ ጻድቃንን ይጠራል፣ አንዱ አላህን ይጠራል። እኔስ? የእግዚአብሔር ስም አልመጣልኝም። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሽማግሌ ልሞት ስል ከአፌ የወጣው አንድ ስም ነው።

"ጋልቻ!" አልኩ። ጮኼ። "ጋልቻ! ጋልቻ!"

ያቺ ሴት ዓይኗን ጨፍና ትጸልይ ነበር። ጩኸቴን ስትሰማ ዘወር ብላ እጇን አናቴ ላይ ጫነችው። "ጋልቻ! በኢየሱስ ስም ልቀቃቸው!" አለች።

"ጋልቻ!" እላለሁ እኔ።

"ውጣ! ጋልቻ፣ ውጣ ብዬሃለሁ! በኢየሱስ ስም!" ትላለች እሷ።

እንዲህ እያልን አውሮፕላኑ ቀስ በቀስ ተስተካከለ። አለፈ! ያ ትንሽ አውሮፕላን ከሆዳችን ሥር አለፈ! ሃሌ ሉያ! ማን አሳለፈው? የኔ ጸሎት አይደለም፤ እኔ አልጸለይኩም። ስሙ ይክበር!

አብራሪው ተናገረ። ሌላ ትንሽ አውሮፕላን መንገዳችን ላይ እንደገባ፣ አሁን ደህና እንደሆንን፣ አስተናጋጇ ስለተጎዳችና አውሮፕላኑም መታየት ስላለበት ወደ አዲስ አበባ እንደምንመለስ ነገረን። ጥፋቱ የማን እንደነበረ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም። እኔ የሰማሁት "እንመለሳለን" የሚለውን ብቻ ነው። ተራራዬ ከመስኮቴ ወደ ኋላ ሄደ። አንገቴን አዙሬ አዙሬ እስኪጠፋ አየሁት።

ሴትየዋ ላቧን ጠርጋ ቀስ ብላ፣ "አባባ፣ አሁን ቀለል አለዎት?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ጋልቻው ነዋ። ለቀቀዎት? ከአባቶችዎ የወረደ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት ያስገቡት?"

አየኋት። "ልጄ፣ ጋልቻ እኮ ወንድሜ ነው" አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ በሞትኩት! ወንድምዎን ነው ያባረርኩት?"

ወገኖቼ፣ ከሞት ከተረፍን ገና ሩብ ሰዓት አልሆነንም፤ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ሳቄ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ሁሉን ነገርኳት፤ እናቴን፣ በሩን፣ መሐላውን። እስክጨርስ እጄን ይዛ ሰማችኝ። በመጨረሻ፣ "ይኸው መሐላዬ ያዘኝ፤ ተራራዬን አይቼ እንኳ እንዳልረግጠው ከሰማይ መለሰኝ" አልኳት።

"አባባ" አለችኝ፣ "እግዚአብሔር የእርስዎን መሐላ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው እንዴ? ሊገድልዎት ቢፈልግ ያንን ትንሽ አውሮፕላን ለምን ያሳልፈው ነበር? ምናልባት ሆስፒታሉ እንዲበቃዎት አልፈለገም ይሆናል።"

ያን ጊዜ አልገባኝም። መሬት ወርደን "የት ነው የሚገቡት?" ስትለኝ "ቀራንዮ" አልኳት። "እኔ ዘነበወርቅ ነኝ! ጎረቤት ሆነን ነው ሰማይ ላይ የተዋወቅነው?" ብላ እስከ ቤቴ ሸኘችኝ።

ቤት ስገባ ሶስና ስልክ ይዛ ታለቅሳለች። የጋልቻ ልጅ ደውላ ነበር። ሐኪሙ ጠርቷቸው፣ "አባታችሁን ወደ ቤታቸው ውሰዷቸው። የሚወዱትን ስጧቸው፣ የሚወዱትን ሰው አሳዩአቸው" ብሏል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጋልቻ ተራራው ላይ ወጥቷል። እዚያው ቤት ገብቷል። እዚያው ደጅ!

እንግዲህ ሆስፒታል የለም፤ ማታለያዬ አለቀ። ወይ መሐላዬን እይዛለሁ፣ ወይ ወንድሜን አያለሁ።

በሦስተኛው ቀን ያቺ ሴት ልትጠይቀኝ መጣች። ሶስና ነገረቻት። እሷም ቁጭ ሳትል፣ "ሙዝ የሚጭነው አይሱዙዬ ነገ ባዶውን ይወርዳል። አባባ ከኔ ጋር ጋቢና ይገባሉ" አለች።

"እግሬ—" ስል፣

"እግርዎን እዚያ ስንደርስ እናነጋግረዋለን" አለችኝ።

ሄድን። ከአርባ ምንጭ ወደ ደጋው ስንወጣ ዝናቡ መንገዱን አቡክቶታል። አይሱዙው ይንሸራተታል፣ በግራ በኩል ገደል ነው። ሴትየዋ ጥርሷን ነክሳ ትዘምራለች። መጨረሻው ላይ መኪናው እምቢ አለ፤ ወርደን በእግራችን በጭቃው ወጣን። በልጅነቴ የማውቀው ጭቃ ነው፣ ሽታውም ያው።

በሩ ጋ ደረስን። የቀርከሃው አጥር ታድሷል፣ በሩ ግን በቦታው ነው። ወገኖቼ፣ አልዋሻችሁም፣ እግሬ አልነሣ አለ። ፈርቼ ነው ብትሉ ፈርቼ ነው። "ይሰበር" ያልኩት እግር ነው። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ከውስጥ ሳል ይሰማኛል። ሳሉን አወቅሁት። ሃያ ዓመት የናፈቅሁት ሰው በአሥር እርምጃ ላይ ይስላል፣ እኔ እግሬን ማንሣት አቃተኝ!

ሴትየዋ አየችኝ። አልተቆጣችም። ቀስ ብላ፣ "አባባ፣ የማለው እግርዎ ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ጉልበትዎ ምሏል?"

ጎንበስ ብዬ ጉልበቴን አየሁት።

"ጉልበትዎ ካልማለ በጉልበትዎ ይግቡ" አለችኝ። "ጌታ ደግሞ በጉልበት የሚመጣ ሰው ይወዳል።"

ተንበረከክሁ። በጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ መሬት ሲነካ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፤ ሃያ ዓመት የያዝኩት ነገር ከደረቴ ውስጥ እንደ በረዶ ተንዶ ወረደ። "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እኔ ትዕቢተኛ ነኝ፤ እናቴንም ወንድሜንም አንተንም በደልኩ፤ ማረኝ፣ የአንተ ልሁን" አልኩ። ያስተማረኝ የለም፤ ቃሉ ራሱ መጣ። ሃሌ ሉያ! እኔ ጌታን የተቀበልኩት እዚያ በር ላይ፣ ግማሽ አካሌ ውጭ፣ ግማሽ አካሌ ውስጥ ሆኖ ነው። ከዚያ እየዳኽኩ ገባሁ።

ጋልቻ ከበሩ ትይዩ ተኝቷል። ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። አየኝ። ከዚያ በአገራችን ቋንቋ፣ "ምነው፣ ደግሞ ዳዴ ጀመርክ?" አለኝ። የከሳ እጁንም ከብርድ ልብሱ አወጣና እንደ ድሮው፣ "ና! ና!" አለኝ።

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትንሽ ልቁም።

ደረስኩለት። አንገቱ ሥር ገብቼ አለቀስኩ። እሱም ያን ቀን በር ላይ ሊነግረኝ የነበረውን አንድ ቃል ያን ጊዜ ነገረኝ። እናታችን ስትሞት ክረምት ነበር። ጠርታው፣ "ለታናሽህ አትላክበት። በዚህ ጭቃ ልምጣ ሲል መኪና ገደል ይገባበታል። እኔን ቅበሩኝ፤ እሱ እንደሆነ ለመስቀል ይመጣል፣ ያን ጊዜ ደህና አድርገህ ንገረው" አለችው። የእናቱን ቃል ጠብቆ ነው። እሷ የፈራችውን ገደል እኔ በአይሱዙው ስወጣ በዓይኔ አይቼው መምጣቴ ነበር።

"ታዲያ በደብዳቤ እንኳ ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ደብዳቤ ልኬ ነበር፤ ሳትከፍተው መልሰህ ላክኸው" አለኝ። እውነት ነው። መልሼዋለሁ።

ጋልቻ ከብዙ ዘመን በፊት ጌታን ያመነ ሰው ነበር። ልጁ እንደነገረችኝ ጠዋት ጠዋት ስለ እኔ የሚጸልየው አንዲት ነገር ነበረች፤ "ጌታ ሆይ፣ እግሩን መልስልኝ።" እኔ ቀራንዮ ጉድጓዴ ውስጥ እግሬን ቀብሬ ስቀመጥ እሱ ይህን ይል ነበር!

ያን የአውሮፕላን ነገር ስነግረውና ሴትየዋ "ጋልቻ፣ ውጣ!" እንዳለችው ሲሰማ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት፤ ቢሆንም ሳቀ። እሷን ጠርቶ፣ "አንቺ ነሽ እኔን ያስወጣሽኝ? ጥሩ አደረግሽ፤ ያን ቀን ነው ከሆስፒታል የወጣሁት" አላት። እሷም እጁን ሳመችው።

ወገኖቼ፣ "ጌታ ፈወሰው፣ ተነሥቶ ሄደ" ብዬ ብመሰክር እንዴት ደስ ባለኝ! ለምኜ ነበር። ጌታ ግን ዐሥራ አንድ ቀን ሰጠን። ዐሥራ አንዱንም ቀን ከአጠገቡ አልተነሣሁም። ቆጮውን እየቆረስኩ አጎረስኩት፣ እየተሳሳቅን፣ አንዳንዴም ዝም ብለን ስናፏጭ ዋልን። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እጄ ውስጥ ሆኖ አረፈ። በዚያ ቤት የተፈወሰው እኔ ነኝ። የቀበርኩትም እኔ ነኝ፤ ማንም መርዶ አልላከብኝም። ጌታ ይባረክ!

ናፍቆቱ ቀርቷል ወይ ብትሉኝ፣ አልቀረም። ይልቅ ጨምሯል። ዛሬም ፌርማታ ላይ ያገሬን ቋንቋ ስሰማ ልቤ ይነሣል፤ "አለ?" ብዬ ልጠይቅ አፌ ይከፈታል። ከዚያ ትዝ ይለኛል፤ አለ! ከጌታው ዘንድ አለ። ያን ነጭ አውሮፕላን ያሳለፈው አምላክ አንድ ቀን ያንን ሌላውን በር ይከፍትልኛል። ያን ጊዜም ጋልቻ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ "ና! ና!" እንደሚለኝ አምናለሁ። ለመስቀል ደግሞ አሁን አገሬ እገባለሁ። በእግሬ። አልተሰበረም፣ ይኸው ቆሜበታለሁ።

እዚህ መሀል የተቀመጣችሁ፣ የማለ እግር ያላችሁ፣ የመለሳችሁት ደብዳቤ ያላችሁ፣ እባካችሁ እንደ እኔ ሰማይ ላይ እስክትናወጡ አትቆዩ። በእግራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ተንበርከኩ። ጌታ በጉልበቱ የመጣን ሰው "ለምን ዘገየህ" አይለውም። እመኑት።

አሁን እንግዲህ ያቺ ሴት። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ይዛኝ፣ "አባባ፣ ስሜን እንዳይጠሩ፤ ይማሉልኝ" አለችኝ። እኔ መማል ትቻለሁ። በሦስተኛው ረድፍ፣ በነጠላዋ ፊቷን የሸፈነችው እሷ ነች። ዘርፌ ትባላለች።